አልሸሹም፣ ዞር አሉ

ጄፍ ቤዞስ ሲያትልን ለቆ ማያሚ ሊገባ መሆኑን በኖቬምበር 2023 በኢንስታግራም ገጹ ነገረን። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ኋላ እንዳንጣላ።) ምክንያቱን ሲያስረዳ ወላጆቼ እዚያ ናቸው፣ የሮኬት ድርጅቴ የብሉ ኦሪጅን ሥራም ወደ ፍሎሪዳ እያደላ ነው አለ። እሰየው! ለእናት ለአባቱ ቀረብ ማለት የሚፈልግ ልጅ ይመረቃል እንጂ አይወቀስም።

ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው። ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ስቴት (ዲሲን ማለቴ አይደለም፣ በምዕራብ ጫፍ ያለችውን ነው) ከ2022 ጀምሮ አክሲዮንና የመሳሰለውን ሸጠው በዓመት ከ250 ሺህ ዶላር በላይ በሚያተርፉ ሰዎች ላይ 7 በመቶ ግብር ጣለች። ፍሎሪዳ በዚህ ትርፍ ላይ የምትጠይቀው ዜሮ ነው። ቤዞስ ከተሰናበተ ከሦስት ወር በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2024፣ 50 ሚሊዮን የአማዞን አክሲዮኖች በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠ። ስልካችሁን አውጡና 7 በመቶውን አስሉት። ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። ለዚህ ብሎ ሄደ አላልኩም፤ የሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ያየ የለም። የወላጅ ፍቅርና 600 ሚሊዮን ዶላር በአንድ አቅጣጫ ሲጎትቱ ግን ሻንጣ ማዘጋጀት አይከብድም።

እንዲህ ያለ ዜና በወጣ ቁጥር የሚከተል የታወቀ ስብከት አለ። "ይኸው! ሀብታም ላይ ግብር ከጨመራችሁ ይሄዳል፤ ከሄደ የሚጎዳው ድሃው ነው፤ ስለዚህ ተዉት" የሚል። ይህን የሚሉት አሜሪካኖቹ ብቻ አይደሉም። ኢለን መስክ በ2020 መጨረሻ ከካሊፎርኒያ ወደ ቴክሳስ መግባቱን ሲናገር እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ በማኪያቶ ስኒ ዙሪያ "አበጀ!" ያሉ ወዳጆች አሉኝ። አንዳቸውም ለካሊፎርኒያ አምስት ሳንቲም ከፍለው አያውቁም።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ከሽሽቱ ይልቅ የሚጎዳው የሽሽቱ ማስፈራሪያ ነው። ማስፈራሪያው የሚሠራው ደግሞ አንድ ሥራ ነው፤ ሸክሙን መሄድ ከሚችለው ሰው ላይ አንስቶ መሄድ በማይችለው ሰው ትከሻ ላይ ያስቀምጠዋል። እስቲ አብረን እንየው።

እውን ይሄዳሉ?

ክሪስቶባል ያንግ የሚባል የሶሲዮሎጂ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ2016 አንድ ትልቅ ጥናት አሳተመ። በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ የሚያሳውቁ አሜሪካውያንን የ13 ዓመት የግብር መዝገብ አገላብጠው ያገኙት ነገር ከተለመደው ወሬ ጋር አይገጥምም። በአንድ ዓመት ውስጥ ስቴት የሚቀይሩት ሚሊየነሮች 2.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ከጠቅላላው ሕዝብ የሚቀይረው 2.9 በመቶ ነው። በዓመት 10 ሺህ ዶላር አካባቢ የሚያገኙት ድሆች ደግሞ 4.5 በመቶ። እንግዲህ አሜሪካ ውስጥ ጓዙን ጠቅልሎ ከስቴት ስቴት የሚዞረው ከሀብታሙ ይልቅ ድሃው ነው ማለት ነው።

ቆም ብላችሁ ስታስቡት ግልጽ ነው። በዓመት ሚሊዮን የሚያገኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሥራው ጫፍ ላይ የደረሰ ነው። ጠበቃ ከሆነ ደንበኞቹ፣ ሐኪም ከሆነ ታካሚዎቹ፣ ነጋዴ ከሆነ ስሙና ዝናው ያሉት እዚያው ከተማ ነው። ትዳር አለው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ገንዘቡን ያገኘው ቦታውን ስለሚያውቅና ቦታውም እሱን ስለሚያውቀው ነው። ይህን በሻንጣ ይዞ መሄድ አይቻልም።

ሌላውን ወገን ሳልነግራችሁ ግን አላልፍም። ካሊፎርኒያ በ2012 በሕዝብ ድምፅ የከፍተኛ ገቢ ግብሯን ወደ 13.3 በመቶ ስታደርስ ምን ተከተለ ብለው ያጠኑ ሁለት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች አሉ፤ ጆሹዋ ራውና ራያን ሹ። ከጭማሪው በኋላ በከፍተኛው እርከን ካሉት ውስጥ ከወትሮው በተጨማሪ 0.8 በመቶ ያህል ለቀው ወጥተዋል። የቀሩትም ቢሆኑ የሚያሳውቁትን ገቢ ቀነስ አድርገዋል። ስለዚህ ይገኛል ከተባለው ተጨማሪ ገንዘብ ቀላል የማይባለው ተንኗል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከስቴቱ የገቢ ግብር በብዙ ዓመታት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን የሚከፍሉት ከመቶ አንዱ ናቸው። በጀቷን እንዲህ በጥቂት ሰዎች ላይ የሰቀለች ስቴት አንድ ሰው ሲያስነጥሰው ብርድ ቢይዛት አይገርምም። ኒው ጀርሲ ላይ ደርሷል። ዴቪድ ቴፐር የሚባል የሄጅ ፈንድ ቢሊየነር ወደ ፍሎሪዳ ሲዛወር፣ በ2016 የአንድ ሰው መሄድ በስቴቱ ምክር ቤት የበጀት ውይይት ላይ ጉዳይ ሆኖ ተነሣ። (በ2020 ደግሞ ተመልሶ መምጣቱ ተዘገበ። ፀሐዩም ይሰለቻል መሰለኝ።)

ስለዚህ "ማንም አይሄድም" የሚለው ተሳስቷል፤ "ሁሉም ይሄዳሉ" የሚለው ግን የበለጠ ተሳስቷል። የሚሄዱት ጥቂት ናቸው፣ ያውም አንድ ዓይነት ጥቂቶች። ገንዘባቸው ከደመወዝም ከሱቅም ሳይሆን ከአክሲዮን የሚመጣ፣ በአንድ ፊርማ አድራሻ የሚቀየርላቸው።

የጀበናው ፈተና

መሄድ ሲባል ደግሞ እንደ እኛ ፍራሽ ጠቅልሎ አይሱዙ ላይ መጫን እንዳይመስላችሁ። የኒው ዮርክን ሕግ ላስረዳችሁ። አንድ ሰው "ፍሎሪዳ ገብቻለሁ" ቢልም ኒው ዮርክ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚያኖር ቤት ካለውና በዓመት ከ183 ቀን በላይ እዚያ ከተገኘ እንደ ነዋሪ ይከፍላል። ስለዚህ ቀን ይቆጠራል። ኦዲተሮቹ የስልክ መዝገብ፣ የካርድ ክፍያ፣ የአውሮፕላን ትኬት ይጠይቃሉ። ከዚህ በላይ ደግሞ በቀልድ "የቴዲ ቤር ፈተና" የሚባል አለ። በጣም የምትወደው ዕቃህ የት ነው ያለው? ውሻህስ? የቤተሰብ አልበሙስ? በግድግዳ ላይ የነበረው ውድ ሥዕልስ? ልብህ ያለበት ቦታ ነዋሪነትህም ያለበት ነው፣ ነው ነገሩ።

እኛ ሀገር ቢሆን "የጀበናው ፈተና" እንለው ነበር። ሰው የሚኖረው ጀበናው ያለበት ነዋ!

ይህ ሁሉ ምርመራ ያስፈለገው ለምን ይመስላችኋል? ብዙዎቹ በወረቀት ሄደው በአካል ስለሚቀሩ ነው። የማንሃተኑ አፓርታማ አይሸጥም፣ ቢሮው አይዘጋም። መስክም ቢሆን የቴስላን ዋና መሥሪያ ቤት በ2021 ወደ ኦስቲን አዛወርኩ ካለ በኋላ በ2023 የምህንድስናውን ዋና ማዕከል ካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ ላይ ከፈተ። መሐንዲሶቹ ያሉት እዚያ ነዋ። አበው "አልሸሹም ዞር አሉ" ያሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ግብር የሌለበት ሀገር?

ዳላስ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ። ከሜሪላንድ የሄደ ሰሞን በስልክ "እዚህ እኮ የስቴት ግብር የሚባል ነገር የለም!" ሲል ገነት የገባ ነበር የሚመስለው። በሁለተኛው ዓመት ቤት ገዛ። የንብረት ግብሩ ደብዳቤ የመጣ ዕለት ድምፁ ቀዘቀዘ። ቴክሳስ የገቢ ግብር የላትም፤ የንብረት ግብሯ ግን በአሜሪካ ከከፍተኞቹ ተርታ ነው። ዳላስ ሱቅ ገብቶ ጫማ የገዛ ሰው በላዩ 8.25 በመቶ የሽያጭ ታክስ ይጨምራል። ተከራይ ነኝ ብሎ የሚያመልጥም የለም፤ አከራዩ የንብረት ግብሩን ከኪራዩ ላይ ያወጣዋል።

ነገሩ ቀላል ነው። ፍሎሪዳም ቴክሳስም ፖሊስ፣ መንገድና ትምህርት ቤት አላቸው። አንድ ሰው ይከፍላል። ማን? የታክስና የኢኮኖሚ ፖሊሲ ኢንስቲትዩት የሚባል (ወደ ግራ ያደላል የሚባል) ተቋም በ2024 ባወጣው ስሌት፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው 20 በመቶ ነዋሪዎች ከሚያገኙት ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ወደ 13 ዶላር የሚሆነውን ለስቴቱና ለአካባቢው አስተዳደር ይከፍላሉ። ከላይ ያሉት 1 በመቶዎቹ ግን 3 ዶላር እንኳ አይሞሉም። ቴክሳስም ብትሄዱ ከታች ወደ 13፣ ከላይ ከ5 በታች ነው።

አሁን ይህን እንደገና አንብቡት። የሆቴል አልጋ የምታነጥፈዋ ሴት ከገቢዋ የምትከፍለው ድርሻ ከቢሊየነሩ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። "ግብር የሌለበት ስቴት" የሚባለው ግብሩ የጠፋበት ቦታ አይደለም። ከፋዩ የተቀየረበት ቦታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተን እናስቀምጥ። የአክስቴ ልጅ ተሞኘ እያልኩ አይደለም። ከካሊፎርኒያም ከሜሪላንድም ወደ ቴክሳስ የሚጎርፈው ነርስ፣ ሹፌርና አስተማሪ የሚሄደው ቤት ስለሚረክስለት ነው፤ ትክክለኛ ምክንያትም ነው። ካሊፎርኒያን ለቀው ከሚወጡት አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው። የቤት ኪራይ ያባረረውን ሕዝብ ከቢሊየነሩ ጋር ቀላቅሎ "ይኸው ሕዝቡ ከግብር እየሸሸ ነው" ማለት ግን የሰው ለቅሶ ላይ የራስን ሙሾ ማውረድ ነው።

ማስፈራሪያው ሲሠራ

በ2020 ኢሊኖይ ለድምፅ ያቀረበችው ነገር ነበር። ለሁሉም አንድ ዓይነት የነበረውን 4.95 በመቶ የገቢ ግብር ትታ ባለ ብዙ ገቢው ከፍ ያለ እንዲከፍል የሚያደርግ ማሻሻያ። የስቴቱ የወቅቱ ቁጥር አንድ ሀብታም ኬን ግሪፊን ሐሳቡን ለመጣል ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። (እንዲጸድቅ የፈለገው ገዥው ፕሪትዝከርም ቢሊየነር ነው፤ እሱም ከ50 ሚሊዮን በላይ አፍስሷል። የዝሆኖች ጠብ ይሏል ይህ ነው።) ግሪፊን ካነሣቸው ስጋቶች አንዱ ሰውና ሥራ ስቴቱን ጥሎ ይሄዳል የሚል ነበር። ሐሳቡ ወደቀ፣ ግብሩም አልጨመረም።

በ2022 ግሪፊን ሲታደል የተባለ ድርጅቱን ይዞ ማያሚ ገባ። ምክንያቱ በቺካጎ ወንጀል በዝቷል የሚል ነበር። ኢሊኖይ ሀብታሟን ላለማስቀየም ግብሩን ተወች፤ ሀብታሟ ግን ሄደ። ሁለቱንም አጣች።

አሁን ደግሞ ያልፈሩትን እንይ። ማሳቹሴትስ በኖቬምበር 2022 በሕዝብ ድምፅ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነው ገቢ ላይ 4 በመቶ ጨመረች። ገንዘቡ ለትምህርትና ለትራንስፖርት ብቻ እንዲውል በሕገ መንግሥቷ ላይ ጻፈች። ለ2024 የበጀት ዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር ይገኛል ብላ መደበች፤ የገባላት ከ2 ቢሊዮን በላይ ነው። ዛሬ እዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሀብታም ልጅ የድሃ ልጅ ሳይባሉ ቁርስና ምሳ በነፃ ይበላሉ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም የትምህርት ክፍያው ቀርቷል። አንድም ሰው አልሄደም አልልም፤ የሄዱት ሄደውም ግን ምሳው አልተቋረጠም።

ቤዞስ ጥሏት የሄደው ዋሽንግተንስ? በኖቬምበር 2024 "ይህን የአክሲዮን ትርፍ ግብር እንሰርዘው ወይ?" ተብሎ ሕዝቧ ተጠየቀ። ከመቶው ከ60 በላይ የሚሆነው ድምፅ ሰጪ "አይሰረዝ!" አለ። ያ ገንዘብ የሚሄደው ለትምህርትና ለሕፃናት ማቆያ ነው። ሲያትል ውስጥ ሕፃናት በማቆየት የሚተዳደሩ የሀገራችን ሴቶች ስላሉ ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። በ2025 ደግሞ ስቴቷ ከ1 ሚሊዮን በላይ በሆነው ትርፍ ላይ ያለውን ግብር ወደ 9.9 በመቶ ከፍ አደረገችው።

"የራሱ ገንዘብ ነው" ለምትሉ

አውቃለሁ፣ እስካሁን አንዳንዶቻችሁ "ሴትዮዋ ቅናት ይዟታል" ብላችኋል። ገንዘቡ የራሱ ነው፣ ሕግም አልጣሰም፣ መንግሥት ሲያባክን ዝም ብሎ ይገብር እንዴ? ትላላችሁ።

ሕግ አልጣሰም፤ ትክክል። መንግሥት ያባክናል፤ ይህም ትክክል። ካሊፎርኒያ ያን ሁሉ ሰብስባ ጎዳና ላይ የሚያድረው ሕዝቧ ብዛት ሲታይ ከፋዩ "ገንዘቤ የት ገባ?" ቢል ይገባዋል። ጥያቄው ግን የሁሉም ከፋይ መሆን አለበት። የሆቴሏ ሠራተኛም ገንዘቧ የት እንደገባ መጠየቅ ትፈልጋለች፤ እሷ ስታኮርፍ ግን የምትሄድበት የማያሚ ቪላ የላትም። የአንዱ ኩርፊያ በጀት የሚያናጋ፣ የሌላዋ ኩርፊያ ማንም የማይሰማው ከሆነ ይህ የግብር ክርክር መሆኑ ቀርቶ የሥልጣን ጉዳይ ሆኗል።

"የራሱ" የሚለው ቃልም ትንሽ ይፈተሽ። ቤዞስ በ1994 አማዞንን ለመጀመር ሲያትል አካባቢን ሲመርጥ ማይክሮሶፍት ያፈራቸው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ስለነበሩባት ነው። የስቴቷ ሕዝብ ብዛት ትንሽ መሆኑም ስቦታል፤ በያኔው ሕግ የሽያጭ ታክስ የሚሰበስበው ድርጅቱ ካለበት ስቴት ደንበኞች ብቻ ስለነበር። ይህን በ1996 ለአንድ መጽሔት ራሱ አውርቶታል። ሲመጣ ታክስ አስልቶ፣ ሲሄድም የታክስ ሒሳቡ አልጎዳውም። በመሀል ያሉት ሠላሳ ዓመታት ግን የከተማዋ ናቸው። መንገዷ፣ ዩኒቨርሲቲዋ፣ ልጆቿ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሰውን ከስቴት ስቴት እንዳይሄድ መከልከል አይቻልም፤ መቻልም የለበትም። ገቢውን ግን መከተል ይቻላል። የኤንቢኤ ተጫዋች ለዳላስ ቢጫወትም ሎስ አንጀለስ ሄዶ ለሚሠራባቸው ቀናት ለካሊፎርኒያ ይከፍላል። በአክሲዮን ትርፍ ላይ ይህ አይሠራም፤ ግብሩ የሚሄደው ባለቤቱ ነዋሪ ወደሆነበት ስቴት ነው። ቀዳዳው ይኸው ነው፤ ስቴቶች ብቻቸውን ሊደፍኑት አይችሉም። የፌዴራሉ መንግሥት ግን ይችላል። ከሲያትል ማያሚ የሄደ ሰው ከፌዴራል ግብር አንዲት እርምጃ አልራቀም። የአሜሪካ ዜጋ ዱባይ ቢኖር እንኳ ገቢውን ያሳውቃል፤ አዲስ አበባ ተመልሰው የሚኖሩትን ባለ ሰማያዊ ፓስፖርቶች ጠይቋቸው፣ በየዓመቱ ቅጽ ሲሞሉ ታገኟቸዋላችሁ። ባለጠጋው ዜግነቱን ልመልስ ቢል ደግሞ ከ2008 ጀምሮ መውጫ ላይ የሚጠብቀው ግብር አለ። አጥሩ አለ ማለት ነው። የጎደለው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከላይ ያሉትን "ክፈሉ" የሚል ድፍረት ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው ለምትሉ፣ የወር ደመወዝ ወረቀታችሁን አውጡ። በ2025 በተሻሻለው ሕጋችን ከ14 ሺህ ብር በላይ በሆነው ደመወዝ ላይ 35 በመቶ ግብር ይቆረጣል። ብሩ እጃችሁ ከመግባቱ በፊት ሄዷል፤ ማንም "ትሄዱብናላችሁ ወይ?" ብሎ አልተጨነቀላችሁም። ደመወዝተኛ የትም ስለማይሄድ የትም አይፈለግም፤ ሁልጊዜ እጅ ላይ ነው። ሲያትልም ሆነ አዲስ አበባ፣ ግብር ሰብሳቢ በቅድሚያ የሚያየው የቆመውን ነው።

ስለዚህ ቀጣዩ ቢሊየነር ሻንጣውን ሲያነሣ፣ መነሣቱም አይቀርም፣ ከማጨብጨባችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። ሄደ ወይስ አድራሻ ቀየረ? የገባበት ቦታ መንገዱን የሚጠግነው በማን ገንዘብ ነው? እሱ ያልከፈለውንስ አሁን ማን ይከፍለዋል?

ሦስተኛው መልስ ብዙ ጊዜ ሻንጣ የሌለው ሰው ነው።